ብር እጅ ላይ የማይቆየው የት ጋ ነው? ሳያስቡ መግዛትን ለይቶ ስለ ማቆም

መዝገብ ያዥ (ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። «ደመወዝ በገባ በ10 ቀኑ ያልቃል፤ የት እንደገባ አላውቅም» የሚል ጥያቄ እዚህ በየወሩ ይነሳል። የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «ቁጠባ ይልመዱ» ነው፤ ይህ ማንንም አይረዳም። ደመወዙን ኪራይና አስቤዛ የሚጨርሱበት ሰውና ሳያስበው እየገዛ የሚጨርስ ሰው ችግራቸው ለየቅል ነው። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው ገቢ እንጂ ምክር አይደለም። ይህ ክር ለሁለተኛው ነው።

መለየት የሚጀመረው ከኋላ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወጪውን የሚመዘግብ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ጠባዩን ያሳምራል፣ በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩን ይተወዋል። ያለፈውን 45 ቀን ግን ማንም ሊያሳምረው አይችልም።

የሚያስፈልገው የቴሌብር የግብይት ታሪክ፣ ባንኩ የላካቸው አጭር መልእክቶችና አንድ ሉክ ወረቀት ነው። እያንዳንዱን ክፍያ በአንድ መስመር ይጻፉ፦ ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ዕቃውን መጀመሪያ የት አዩት። የመጨረሻዋ ከሁሉ ትበልጣለች። «ጫማ 2,400» ምንም አይናገርም። «ጫማ 2,400፣ ማክሰኞ፣ ማታ 3፡50፣ ቴሌግራም» ግን ብሩ የወጣበትን በር ያሳያል።

ከዚያ በየመስመሩ ጫፍ «ታ» ወይም «ድ» ይጻፉ፤ የታሰበና ድንገት የመጣ ማለት ነው። መለያው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከቤት ስወጣ ወይም ስልኬን ስከፍት ይህን ልገዛ አስቤ ነበር? ካላሰቡ ድ ነው። ይጠቅማል ወይ፣ ርካሽ ነበር ወይ ብለው አይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃው ከጠቀመው ታ ይለዋል፣ መጨረሻ ላይ ወረቀቱ በሙሉ ታ ሆኖ ያርፋል። ሦስት ጥንድ ካልሲ ይጠቅማል። ታክሲ ተራ ቆሞ አይቶት የገዛ ሰው ግን ካልሲ ፍለጋ አልወጣም።

ከኤቲኤም የወጣ ጥሬ ብር «1,000» ብሎ ይቆማል፣ የት እንደሄደ አይናገርም። ጥሬው ከጠቅላላ ወጪው ከሲሶ ከበለጠ፣ ለእሱ ብቻ 14 ቀን ወደ ፊት መመዝገብ ግድ ነው።

ሲጨርሱ ድ ያለባቸውን መስመሮች ብቻ ለይተው ሰዓታቸውንና ቦታቸውን ይመልከቱ። ድ የትም ተበትኖ አይገኝም፤ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ይከመራል። ብዙ ጊዜ ደመወዝ በገባ በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት፣ ማታ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ስልክ ላይ፣ ወይም ከሥራ ሲመለሱ ከታክሲ መውረጃ እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ ነው። መከልከያው የሚቀመጠው በዚያ ክምር ላይ ብቻ ነው። ሁሉንም በሮች በአንድ ቀን የሚዘጋ ሰው በሁለት ሳምንት ሁሉንም ይከፍታቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋጋውን ከደመወዙ ጋር አያወዳድሩ፤ ከሚተርፈው ጋር ነው። እጁ የሚገባ 18,000 ብር ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ኪራይ 6,000፣ አስቤዛ 5,000፣ ትራንስፖርት 1,500፣ እቁብ 2,000፣ እድር 100 ቢያወጣ የቀረው 3,400 ነው። የ2,000 ብር ቦርሳ ከ18,000 አንጻር ትንሽ ይመስላል፤ ከ3,400 አንጻር ግን ከግማሽ በላይ ነው። በሥራ ሰዓትም ይለካ፦ በወር 26 ቀን በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ ደመወዝ በሰዓት 86 ብር ከ50 ገደማ ይመጣል፤ ቦርሳዋ ሦስት ቀን ሙሉ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሥራ ናት።

የማታ ገበያ

መዝገብ ያዥ የጻፉት ልክ ነው፣ ለብዙ ሰው ትልቁ ክምር የማታው ነው። የቴሌግራም ሽያጭ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም ደረጃውን ያወቀ ሰው የት ላይ እንደሚቆም ያውቃል።

ፎቶው የሚለጠፈው ሰው ራት በልቶ ጋደም ባለበት ሰዓት ነው። ከሥሩ «3 ፍሬ ብቻ ቀርቷል» ይላል። ዋጋ ብዙ ጊዜ የለበትም፤ «ለዋጋ ኢንቦክስ» ነው የሚለው። ይህ ያለ ምክንያት አይደረግም። ዋጋ የጠየቀ ሰው ወሬ ጀምሯል፤ ወሬ የጀመረ ሰው ደግሞ «ይቅር» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ሻጩ ዋጋውን በጻፈበት መልእክት ውስጥ «ሰፈር የት ነው? ስንት ቁጥር?» ብሎ ይጨምራል። ተመልከቱ፣ ገዢው እሺ ሳይል ቁጥርና ሰፈር እየተነጋገረ ነው። ከዚያ የሂሳብ ቁጥር ይላካል፣ ክፍያው ከ30 ሰከንድ አይበልጥም፣ ስክሪንሹት ይላካል። የማድረሻው ክፍያ የሚነገረው ከዚህ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ ስክሪንሹቱ 7 ወይም 8 ደቂቃ ቢሆን ነው።

መቆሚያው ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ነው። ከጠየቁ በኋላ መቆም በጣም ይከብዳል። ስለዚህ፦

ዋጋ የሌለበትን ዕቃ ማታ አለመጠየቅ። ዕቃውን ወደ ራስ «ሴቭድ ሜሴጅ» ላኩትና በማግስቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ጠይቁ። ሥራ ላይ ሆኖ ያንኑ ፎቶ የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ አልፎት ይሄዳል።

ቻናሉን ወደ አርካይቭ መክተት ብቻውን አይበቃም። ድምፁ ካልተዘጋ አዲስ ነገር በተለጠፈ ቁጥር ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ሚዩት፣ ቀጥሎ አርካይቭ። ከዚህ የተሻለው ከቻናሉ መውጣትና ስሙን ደብተር ላይ መጻፍ ነው። አስቀድማችሁ ልትገዙ ያሰባችሁት ዕቃ ሲያስፈልግ ፈልጎ መግባት ይቻላል፤ ያኔ እናንተ ናችሁ ገበያ የወጣችሁት።

ጠይቃችሁ ከሆነም መልሱ አጭር ይሁን፦ «አመሰግናለሁ፣ አሁን አልገዛም።» ሰበብ አትደርድሩ። «ብር እስኪገባልኝ» ያለ ሰው ብር በሚገባበት ሰሞን መልእክት ይመጣለታል።

ሰናይት

ስለ መክፈያው ራሱ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የድራዘን ፕሬሌክና የዳንካን ሲሜስተር ጥናት አለ፤ ለአንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት ሰዎች ዋጋ እንዲያቀርቡ ተደርጎ፣ በካርድ የሚከፍሉት ያቀረቡት በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍሉት በአማካይ እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ብር ከእጅ ሲወጣ የሚሰማው ቅር መሰኘት በካርድ ሲሆን ይደበዝዛል። እኛ አገር ካርዱን ዘለን በቀጥታ ስልክ ላይ ገባን። ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 2013 ነው፤ ዛሬ ከማኪያቶ እስከ ሶፋ በአንድ ስልክ ይከፈላል። የ60 ብርና የ6,000 ብር ክፍያ ለጣት አንድ ናቸው።

ስለዚህ ብሩን ከጣት ማራቅ ነው። የሚሠራው አደራረግ ይህ ነው።

ደመወዝ የሚገባበት ሂሳብ አንድ። ሁለተኛ ሂሳብ በሌላ ባንክ ክፈቱ፤ ሲከፈት ሞባይል ባንኪንግም ኤቲኤም ካርድም አትቀበሉ፣ ደብተሩን ብቻ ያዙ። ቅርንጫፉ ከሰፈርም ከሥራ ቦታም ራቅ ያለ ይሁን። ደመወዝ በገባ ዕለት ኪራይ፣ እቁብና የቁጠባው ብር ወደየቦታው ይሂድ። በባንኩ ቅጽ ተሞልቶ በየወሩ በራሱ እንዲተላለፍ ማድረግ ከተቻለ ይሻላል፣ ምክንያቱም በእጅ የሚደረግ ማዛወር «ነገ» ይባላል። ቴሌብር ላይ የሚቀመጠው የአንድ ሳምንት መዋያ ብቻ ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ከ3,400ው 1,000 ወደ ደብተሩ ከሄደ 2,400 ይቀራል፤ በሳምንት 600 ማለት ነው። በየሰኞው 600 ይሞላል። ሐሙስ ካለቀ አለቀ።

እዚህ ላይ የሚበላሸው በእንደኪሴ ነው። ቴሌብር ላይ ያለው ብር ሳይበቃ ሲቀር ክፍያውን የሚያሟላ የብድር አገልግሎት ነው፤ ለድንገተኛ ችግር ይረዳል። በሳምንት 600 ወስኖ ለያዘ ሰው ግን ያስቀመጠውን ግድግዳ በራሱ እጅ ማፍረሻ ይሆንበታል፤ ሐሙስ ያለቀው ብር አላለቀም ማለት ነው። ብድሩ ከነአገልግሎት ክፍያው የሚመለሰው ከሚቀጥለው ገቢ ላይ ስለሆነ፣ ሰኞ የተሞላው 600 ገና ሳይነካ ይጎድላል። «መላ» የሚባለው የቴሌብር አገልግሎትም ብድር ነው። ለሸቀጥ መግዣ አለመጠቀምን እንደ ደንብ ያዙት።

ጥያቄ አለኝ

ያማረኝን ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ስንት ቀን መጠበቅ ነው የሚያዋጣው? 24 ሰዓት የሚል አለ፣ 30 ቀን የሚል አለ።

መዝገብ ያዥ

በዋጋው ይወሰናል፤ መለኪያው ደግሞ የእርስዎ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው። በወር 18,000 የሚያገኝ ሰው ለ30 ቀን ሲካፈል የቀን ደመወዙ 600 ነው። ከ100 ብር በታች ነፃ፣ ማንም አይጠይቅዎት። ከ100 እስከ 600 አንድ ሌሊት ይደር። ከ600 በላይ 7 ቀን። ከወሩ ተራፊ፣ ማለትም ከ3,400 በላይ የሆነ 30 ቀን፣ ደመወዝ አንዴ በመሀል መግባት አለበት። ይህ የመጨረሻው ወሳኝ ነው፤ ብር ሲጎድል የተፈለገ ዕቃ ብር ሲገባ ላይፈለግ ይችላል፣ ብር ሲገባ የተፈለገም ወር አጋማሽ ላይ ይረሳል።

የመጠበቂያ ዝርዝሩ ወረቀት ላይ ይሁን፣ ፎቶ አይለጥፉበት። ስልክ ላይ ፎቶ እያስቀመጡ የሚጠብቁ ሰዎች በየማታው እየከፈቱ ያዩታል፣ 7ኛው ቀን ሲደርስ ፍላጎቱ ይብስ ይሆናል። የዕቃው ስም፣ ዋጋ፣ የተጻፈበት ቀን፣ «በዚህ ፈንታ አሁን ምን እየተጠቀምኩ ነው?» የሚል መልስ። አራተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ዕቃው በእርግጥ ያስፈልግ ይሆናል። «ሌላ ቦርሳ አለኝ፣ ዚፑ ተበላሽቷል» ከሆነ ዚፕ ማስቀየር ነው።

አስፋልት ዳር

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ምክር የተረጋጋ ዋጋ ላለበት አገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሱቅ ስትገባ ያየኸውን ዋጋ በሳምንቱ አታገኘውም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ እንጂ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አይወዳደርም። 30 ቀን የጠበቀ ሰው ይከስራል። ዛሬ የገዛ ነው የቆጠበ።

መዝገብ ያዥ

ወንድሜ፣ ያነሱት የዚህ ጉዳይ ዋናው ነጥብ ነው፣ ስለዚህ ሳልቸኩል ልመልስ። «ነገ ይጨምራል» የሚለው እውነት መሆኑ ነው አደገኛ የሚያደርገው፤ ለየትኛውም ዕቃ የሚሠራ ምክንያት ስለሆነ ምንም አይለይም።

በቁጥር እንየው። ዋጋው በአንድ ወር 5 በመቶ ቢጨምር የ2,000 ብር ዕቃ 2,100 ይሆናል። የመጠበቅ ኪሳራው 100 ብር ነው። 20 እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን 30 ቀን እየጠበቁ 19ኙን በጨመረ ዋጋ ቢገዙ ተጨማሪ የከፈሉት 1,900 ነው። አንዷን ብቻ ቢተዉ ግን 2,000 ቀረልዎ። ከ20 አንዷን መተው ብቻ ከበቃ፣ መጠበቅ በዚህ ውድነት ውስጥም አያከስርም።

አስቀድሞ መግዛት የሚያዋጣባቸው ዕቃዎች አሉ፣ እነሱን ለይቶ ማውጣት ነው፦ ቤት ውስጥ ባለፉት ሦስት ወራት ያለቁ፣ በሚቀጥሉት ሦስትም ማለቃቸው የማይቀር። ዘይት፣ ሳሙና፣ ጤፍ፣ የልጅ ደብተር። ሁለተኛ ቦርሳ «አያልቅም»፤ ስለዚህ አስቤዛ ውስጥ አይገባም።

ወፍጮ ቤት

መዝገብ ያዥ ላይ ልጨምር፣ ማከማቸትም ራሱ በስሜት ሲሆን ኪሳራ አለው። ጤፍ በእህልነቱ ሲቀመጥ ነቀዝ ስለማይደፍረው ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሲፈጭ ግን ያ ጥቅሙ ይቀራል። «ይጨምራል» ብሎ ሩብ ኩንታል የተፈጨ ዱቄት የሚገዛ ሰው በርካሽ የገዛውን በሁለት ወሩ ነቅዞ ያገኘዋል። እህሉን ግዙ፣ የሚበቃችሁን ያህል እያስፈጫችሁ ተጠቀሙ። በርበሬና ሽሮ እርጥበት ከገባበት ይሻግታል፤ ክረምት ሊገባ ሲል በብዛት ማዘጋጀት ካለባችሁ በደንብ ደርቆ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ይሁን። ዘይት ከብርሃን ይራቅ። ልክ ያለው ክምችት የሦስት ወር ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቤተሰቡም «አለ» እያለ እጁን ይለቃል፣ ዘይቱ ቶሎ ያልቃል።

እንግዳ ተቀባይ

ማንም ያላነሳው አለ። ካፌ ውስጥ «የኔ ነው፣ ተወው» ብሎ የሁሉንም መክፈል። ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን ብታዩት የምሳና የሥራ መውጫ ሰዓት ክምር ነው። ይህን ግን ድ ልለው ይከብደኛል። ሰውን መጋበዝ የስሜት ግዢ ከተባለ ባህላችንን በሙሉ ልንሰርዝ ነው።

ሰናይት

እህቴ/ወንድሜ፣ መጋበዝና ይሉኝታ ሁለት ናቸው። ሊጋብዝ አስቦ የወጣ ሰው ወጪው ታ ነው፣ 1,500 ብርም ቢሆን። ሂሳቡ ሲመጣ ጠረጴዛው ዝም ስላለ ብቻ ኪሱ የገባ ሰው ግን አልጋበዘም፣ ዝምታውን ነው የገዛው። ለመጋበዝ በወር የተወሰነ ብር በጥሬው በፖስታ ይቀመጥ፣ ለምሳሌ 500። ሲወጡ ከእሱ ይያዝ። ካለቀ፣ ከመቀመጥ በፊት «ዛሬ በየግላችን ነው» ማለት ወይም ሰውን ቤት ቡና መጥራት። ከመቀመጥ በፊት የሚለው አይዘለል፤ አስተናጋጁ ሂሳብ ይዞ ከመጣ በኋላ የሚባል «በየግላችን» ሁሉንም ያሳፍራል።

እንግዳ ተቀባይ

በዚህ እስማማለሁ። ፖስታው ግን ቤት ሰው ሲታመምና ለቅሶ ሲኖር መነካት የለበትም፤ የዚያ ቦታ ሌላ ነው። እሱን ያቀላቀለ ሰው ፖስታው በየወሩ ባዶ ይሆንበትና ነገሩን ይተወዋል።

እጣ የደረሰው ሁሉ

እቁብን እንደ መፍትሔ ትጠቅሳላችሁ፣ በመክፈል በኩል እውነት ነው። ዳኛውና ፀሐፊው ስለሚጠብቁህ አትቀርም። ነገር ግን እቁብ ሳያስቡ የመግዛትን ችግር በ10 ወር ሰብስቦ በአንድ ቀን ሊያመጣው ይችላል። በወር 2,000 የሚጥል የ10 ሰው እቁብ እጣ ሲወጣ 20,000 ነው። በየወሩ የወጣው 2,000 ላብ ያለበት ብር ነበር፤ 20,000ው ግን «የደረሰኝ» ይባላል፣ እንደ ሲሳይ ይታያል። ስልክ የሚቀየረው፣ ቴሌቪዥን የሚገዛው በዚያ ሳምንት ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ጠረጴዛ ይጠራል፣ ጠረጴዛው ምንጣፍ ይጠራል።

የሚደረገው እጣው ሳይወጣ ነው። መጀመሪያ ዙሩ ሲጀመር መድረሻውን መጻፍ፦ «14,000 የመስከረም ትምህርት ቤት ክፍያ፣ 4,000 ደብተሩ ሂሳብ፣ 2,000 እንደ ፍላጎቴ።» ያ 2,000 የግድ ይኑር፤ ሁሉንም የከለከለ እቅድ በመጀመሪያው ቀን ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ ብሩ በጥሬው ሳይሆን በቀጥታ ወደ ደብተሩ ሂሳብ እንዲገባ ሰብሳቢውን መጠየቅ። ሦስተኛ፣ እጣው በጣም ቀድሞ ከወጣና ክፍያው ገና ከሆነ፣ ብር የቸገረው አባል ካለ ተራን መቀያየር ይቻላል፤ ዋሱና ዳኛው ባሉበት፣ በጽሑፍ።

ከዋሽንግተን

ከአሜሪካ ለሚያነቡ፣ በሩ ሌላ ነው። ካርዱ አማዞንና ብራውዘሩ ላይ ተቀምጦ ስለሚገኝ ክፍያው አንድ መንካት ነው። ካርዱን ከሁለቱም አጥፉት፣ ስልኩ ላይ ካለው የክፍያ መተግበሪያም ጭምር፤ ከአንዱ ብቻ ያጠፋ ሰው በሌላው ይከፍላል። 16ቱን ቁጥር ለመጻፍ ተነስቶ ቦርሳ ማምጣት ራሱ ብዙ ግዢ ያስቀራል። በዓመት 24 በመቶ ወለድ ካርድ ላይ 1,000 ዶላር ዕዳ ካለ ወለዱ ብቻ በወር 20 ዶላር ገደማ ነው፤ ዝቅተኛውን ክፍያ እየከፈሉ መቆየት ዕዳውን ብዙም አያንቀሳቅሰውም።

ለእኛ ግን ትልቁ ክምር ወደ አገር ቤት ስንሄድ ነው። በአየር መንገዳችን ከአሜሪካ የሚጫነው እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ ነው። ሻንጣው እስኪሞላ ይገዛል። «6 ኪሎ ቀርቷል» ሲባል ገና ስሙ ላልታወቀ ሰው ሽቶና ቲሸርት ይገባል። የሚሠራው መጀመሪያ የሰው ዝርዝር ማውጣት ነው፦ ስም፣ ምን እንደሚያስፈልገው በስልክ ተጠይቆ፣ ለአንድ ሰው ከፍተኛው ብር። 12 ሰው በ25 ዶላር 300 ነው። ለ«ድንገት ለሚመጣ ሰው» ሦስት ተመሳሳይ ዕቃ ብቻ። መድኃኒት የሚፈልግ፣ መነጽር የሚፈልግ ይቀድማል። ባዶ የቀረው ኪሎ ባዶ ይሂድ።

ዱባይ ያለች

እዚህ ደግሞ ታቢና ታማራ የሚባሉ መተግበሪያዎች አሉ፤ ዋጋውን ለአራት ከፍለው ያስከፍላሉ። የ400 ድርሃም ዕቃ ዛሬ 100 ብቻ ነው። ችግሩ የአንዱ ዕቃ አይደለም፤ አምስት እንዲህ ያለ ነገር አንድ ላይ ሲሄድ በወር 500 ድርሃም ነው፣ 1,500 ለሚከፈላት ሴት የደመወዟ ሲሶ። በየዕቃው ተለያይቶ ስለሚታይ ድምሩን ማንም አያየውም። ክፍያ ያለባችሁን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በየቀኑ ደርድሩት። ደንቡ፦ አንዱ ሳያልቅ ሁለተኛ አይጀመርም። ወደ ቤት የሚላከውም ደመወዝ በገባ ዕለት ይላክ፣ ወር ማለቂያ ላይ ከተረፈው አይሁን።

ሥነ አእምሮ ክፍል

ዝርዝርና ፖስታ የማይፈታውን ልጥቀስ፣ አንዳንዱ ሰው እዚህ ራሱን እየወቀሰ ስለሚያነብ።

ሰውየው ዕቃውን ከቤተሰብ የሚደብቅ፣ ገዝቶ ከነላስቲኩ የሚያስቀምጥ፣ ለመግዛት የሚበደር፣ ማቆም እየፈለገ የማይችል ከሆነ ይህ ሕክምና ያለው ነገር ነው። ኤሚል ክሬፕሊን የተባለው ጀርመናዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት ጽፎበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች መዝገብም ግፊትን መቆጣጠር ካለመቻል ችግሮች ጋር ይጠቅሰዋል።

ሁለተኛ፣ ቆጣቢ የነበረ ሰው በድንገት ብሩን መበተን ከጀመረና አብሮ እንቅልፉ ቀንሶ ሳይደክመው ከቀረ፣ ንግግሩ ከፈጠነ፣ ትልልቅ እቅድ ካበዛና ይህ አንድ ሳምንት ከዘለቀ፣ የባይፖላር ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል በቶሎ መታየት አለበት። አዲስ አበባ ላሉ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። እስኪታይ ድረስ ካርዱንና ስልኩን ቤተሰብ በስምምነት ይያዝ፤ በጠብ ከሆነ አይሠራም።

ሦስተኛ፣ ለፓርኪንሰን የሚሰጡ እንደ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ያሉ መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ የመግዛትም የቁማርም ግፊት ያመጣሉ። አባታችሁ ወይም እናታችሁ እነዚህን እየወሰዱ ጠባያቸው ከተቀየረ ለሐኪሙ ንገሩ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ቤቲንግን ከዚህ ጋር አታደባልቁት። እዚያ የጠፋውን ለማስመለስ ሌላ ይጨመራል፤ «7 ቀን ጠብቅ» አይሠራበትም። መለያውን መዝጋት፣ መተግበሪያውን ማጥፋት፣ ብሩን ለሚታመን ሰው መስጠትና ሰው ማነጋገር ነው።

ጥያቄ አለኝ

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አሁን ነሐሴ ላይ ብጀምር ችግር አለው? ሁልጊዜ የሚፈርስብኝ አዲስ ዓመት ላይ ነው።

መዝገብ ያዥ

የሚፈርሰው በምክንያት ነው። ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ነው፣ ወራችን 13። የነሐሴ ደመወዝ ጳጉሜንንም ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፣ በ2019ም 6 ትሆናለች። ከዚያ እንቁጣጣሽ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባና ዩኒፎርም፣ መስከረም 17 መስቀል። ይህን ሁሉ በስሜት የገዙት መስሎዎት ራስዎን አይውቀሱ፤ ግማሹ የታወቀ ወጪ ሆኖ ያልተዘጋጁለት ነው።

ስለዚህ ነሐሴ ላይ መከልከያ አይጀምሩ፣ ወረቀቱን ብቻ ይሥሩ። ያለፈውን ዓመት የጳጉሜንና የመስከረም መልእክቶች አውጥተው ድምሩን ይወቁ። ለምሳሌ 6,000 ከሆነ፣ ከመጪው መስከረም ጀምሮ በየወሩ 500 ወደ ደብተሩ ሂሳብ፤ በዓመቱ ነሐሴ ላይ 6,000 ይሞላል። የበዓል ዝርዝሩን ዶሮ፣ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ብለው ከነመጠኑ አሁን ይጻፉ፣ ባዛር ሲሄዱም ያንን ወረቀትና በጥሬው የተቆጠረ ብር ብቻ ይያዙ፤ ቴሌብሩ ላይ ያለውን ከአንድ ቀን በፊት ወደ ባንክ ይመልሱት። መከልከያውን ጥቅምት 1 ላይ ይጀምሩ፣ ከአንድ በር። የእርስዎ የማታው ከሆነ ከቻናሎቹ መውጣት ነው፣ ሌላውን ለኅዳር ይተዉት።

ጥያቄ አለኝ

ቻናሎቹን ቆጠርኳቸው። 41 ናቸው። ዛሬ ማታ ስማቸውን ደብተር ላይ እያሰፈርኩ እወጣለሁ።